ሰባት ዓይነት ወለል

ሠራተኞቹ ከኋላው «ነጥቤ» ይሉታል። የአረንጓዴ ሕንፃ አማካሪ ነው፤ ሥራው አዲስ ሕንፃ ለአካባቢ ደግ መሆኑን የሚመሰክር ሰሌዳ በሩ ላይ እንዲሰቀል ነጥብ መልቀም ነው። ሰላም ሲሉት እንኳ ስንት ነጥብ እንደሚያስገኝ አስልቶ የሚመልስ ይመስላል። ታላቅ እህቱ የውስጥ ዲዛይነር ናት። አንድ ባለሀብት ለሚያሠራው ሕንፃ ሁለቱንም ሲቀጥር እናታቸው «ልጆቼ አብረው ሊሠሩ ነው» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አሰለቹ።

እህትየው ለሕንፃው በሙሉ አንድ ወለል መረጠች፦ ቴራዞ፣ ከሲሚንቶና ከድንጋይ ፍርፋሪ ተቦክቶ የሚሞረድ፣ አንዴ ከተሠራ የልጅ ልጅ የሚረግጠው። ነጥቤ ንድፉን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አንድ ምርት ብቻ ነው።»

«ወለል ስንት መሆን ነበረበት?»

«የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫ ያላቸው ሃያ ምርቶች ያስፈልጉናል። ከግድግዳውም ከጣሪያውም ለቃቅሜ አሥራ ሦስት ደርሻለሁ። ሰባቱን ከወለል ስጪኝ።»

መግለጫ የሚባለው፣ ምርቱ ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ እስኪጣል ድረስ ምን ያህል የካርቦን ጭስ እንደሚያወጣ፣ ምን ያህል ውሃና ኃይል እንደሚፈጅ አምራቹ አስለክቶ፣ በገለልተኛ ወገን አስመርምሮ የሚያወጣው ሰነድ ነው። ደህና ነገር ነው፤ የሚያነበው ከተገኘ።

እህትየው አነበበችው። ለሦስተኛው ፎቅ የመጣውን ምንጣፍ መግለጫ ይዛ ቢሮው ገባች።

«ይሄን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ጊዜው አላለፈም፣ የመርማሪው ፊርማም አለበት።»

«ከቴራዞው እጥፍ ድርብ ያጨሳል ይላል። ራሱ ነው የሚናገረው።»

«መግለጫ እኮ ጥሩ ነኝ አይልም። ይህን ያህል ነኝ ነው የሚለው። የሚቆጠረው መኖሩ ነው።»

«ሰካራም የጠጣውን በሐቅ ከነገረህ የመኪናህን ቁልፍ ትሰጠዋለህ?»

ነጥቤ ትንሽ አሰበ። «እሱ በሌላ መስፈርት ነው የሚታየው» አላት። የቀለደም አልመሰለም።

ነገሩ ባለሀብቱ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም የምንጣፉንም የቴራዞውንም ወሬ ሳያስጨርሱ፣ «ሰሌዳው ይሰቀላል ወይስ አይሰቀልም?» ብለው ጠየቁ። ማታ ደግሞ እናት ደውለው «በታናሽሽ መንገድ ላይ አትጋረጪ» አሉ። እህትየው የሰባቱን ወለል ንድፍ ፈረመች።

ፓርኬው፣ ጎማው፣ ቡሹ፣ ፕላስቲኩ፣ ሴራሚኩ፣ ምንጣፉ፣ አንድ ኮሪደር ላይ የቀረው ቴራዞም ተነጠፉ። ውፍረታቸው ስለማይገጥም በየመገናኛቸው የብረት ደፍ ተቸነከረ። ሰሌዳው በጭብጨባ ተሰቀለ፤ ነጥቤም መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ መጪው ትውልድ ተናገረ።

ሦስተኛውን ፎቅ የተከራየው ክሊኒክ ነበር። የመድኃኒቱ ጋሪ በየደፉ እየተደናቀፈ ጠርሙስ ይሰብራል፤ የፈሰሰው ምንጣፉ ላይ ይደርቃል። የጽዳት ኃላፊዋ ለእያንዳንዱ ወለል የተለየ ሳሙና አስመጡልኝ ብትል የሰማት የለም። ዓመት ሳይሞላ ተከራዮች እንወጣለን ብለው አመጹ። ባለሀብቱም እህትየውን አስጠሩና፣ እንደ አዲስ ሐሳብ፣ «ሁሉንም አንድ ዓይነት ብናደርገውስ?» አሏት።

ስድስቱ ወለሎች ተነቅለው ግቢው ውስጥ ተከመሩ። ገና ሙጫቸው ይሸት ነበር። እህትየው ክምሩ አጠገብ ቆማ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ሰሌዳውስ?»

«ምን ይሆናል? ሕንፃው ሲመዘን ወለሎቹ ነበሩ እኮ።»

እሑድ እናታቸው ቤት ተገናኙ። ነጥቤ ከዚያ የሚበልጥ ሕንፃ አግኝቷል፤ ከፍ ላለ ደረጃ ነው የሚወዳደረው። «ወለሉን አንቺ ብትይዢልኝ» አላት።

«ሌላ እህት ፈልግ።»

እናት ተቀየሟት፤ ለብዙ ጊዜም ስልኳን አላነሱም። ነጥቤ ግን አልተቀየመም፤ በዚያው ሳምንት ጥያቄ የማያበዛ ዲዛይነር አገኘ።