የሌላ ሴት ቋጠሮ

«ይሄን ኪስ ማነው የጠገነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የባሏን ካፖርት ገልብጣ ይዛ።

ሳሎኑ ውስጥ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ሰውየው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ግን እንባ የለ፣ ዋይታ የለ፣ የኪስ ስፌት ትመረምራለች። የሟቹ እህት ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «ሰው እያየሽ ነው፣ ተይው አሁን» አለቻት።

«እኔ አልጠገንኩትም እኮ።»

«ታዲያ ራሱ ሰፍቶት ይሆናላ።»

«እሱ? እሱ መርፌ ከየት በኩል እንደሚያዝ መቼ አውቆ!»

እውነቷን ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይተኩሳል፤ ተኩሶም አጣጥፎ ለየደንበኛው ያደርሳል። ሃያ አራት ዓመት የኖሩት እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሰው «ካውያው» ይለው ነበር፤ ለሥራው ብቻ አይደለም፣ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ካየ መሃል ገብቶ ሳያለሳልስ አያልፍም።

ሰፊዋ የስፌት ጫፍ ላይ ስትደርስ በስፌት መኪናዋ ወደኋላ መልሳ ትመታዋለች እንጂ ክር በእጅ አትቋጥርም። ይሄ ኪስ ግን በእጅ ተቋጥሯል፤ ያውም ሦስት ጊዜ፣ በጥንቃቄ። ለሌላ ሚስት ይሄ ምንም አይደለም። ለሰፊ ሚስት ግን ባል ሸሚዝ ላይ ከተገኘ የከንፈር ቀለም ይብሳል። ደግሞ ቋጠሮውን የሆነ ቦታ ታውቀዋለች፤ የት እንደሆነ ነው የጠፋት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንባዋ ደረቀ። የመጣው ሁሉ አቅፏት ሲያለቅስ እሷ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ግድግዳ ታያለች። ልታለቅስለት ትፈልጋለች፣ እግዜር ያውቃል፤ ግን ለየትኛው ሰውዬ ነው የምታለቅሰው? ለምታውቀው ነው ወይስ ለዚህ ኪሱን ለሚያስጠግነው?

የተቀመጠ ሰው መቼም ያስባል። የገና በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባሏ በየዓመቱ ከምሳ በኋላ ቦርሳውን አንጠልጥሎ «የቀሚሶቹን የቁልፍ ቀዳዳ ላሠራ» እያለ ይወጣ ነበር። ሁለት ሰዓት ቆይቶ እያፏጨ ይመለሳል። ለቁልፍ ቀዳዳ ሁለት ሰዓት! እንዴት እስከ ዛሬ አልታያትም?

እርግጥ በዚያ ሰሞን ምንም አይታያትም። ከተማው ሁሉ ለበዓል ቀሚስ አማረኝ ይላል፣ እሷም እምቢ ማለት አታውቅም። ድሮ ድሮ ገና ሲቃረብ ቤቱ የጦር ሜዳ ነበር። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የሚበላው ቆሞ ነው። አንድ ዓመት እንዲያውም ልጇ የበዓል መብራት ስትሰቅል ዘፈነች ብላ መቀስ ወርውራባታለች። መቀሱ ሳታት፤ ልጅቷ ግን ያን ቀን መብራቱን አውርዳ ተኛች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየቀለለ መጣ። ደንበኞች ሐሳባቸውን መቀየር ጀመሩ። «እገሊት ጨርቋን ወሰደች፣ ትታዋለች» ይላል ባሏ፤ እሷ ትንሽ ትራገማለች፣ ከዚያ ተንፈስ ትላለች። በዋዜማው እኩለ ቀን ላይ ሥራው ያልቃል። ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ከባሏና ከልጇ ጋር ካርታ ትጫወታለች፤ እሱ ያጭበረብራል፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በዓልን የወደደችው ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት መጥታ እጇን ያዘቻት። «ባለፈው ገና የሰፋሽልኝ ሰማያዊ ከፋይ ቀሚስ አለ አይደል? በዋዜማው ቤቴ ድረስ ያመጣልኝ እሱ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ሰፊዋ ቀሚሱን አስታወሰች። ያን ከፋይ ቆርጣዋለች እንጂ አልሰፋችውም። ሴትየዋ ሐሳቧን ቀይራ ወሰደችው ያላት ባሏ ነው። «እንኳን ወደድሽው» አለች በመጨረሻ፤ ሟቹን በሰው ፊት ማሳጣት አልሆነላትም። መዋሸቱ ታወቀ። ለምን እንደዋሸ ያልታወቀውን ደግሞ ልቧ በራሱ ሞላው፤ ባዶ ቦታ ያገኘ ጥርጣሬ ደግሞ የሚሞላበት ነገር አያጣም።

አራተኛው ቀን ዋዜማው ነበር። ከመንገድ ማዶ ካሉት ሱቆች የበዓል ዘፈን ይሰማል፤ ልጇ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። ያኔ አንዲት ቀጭን ሴት ፌስታል ታቅፋ ገባች። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከሥጋ ዘመዶቹ ብሳ ተንሰቀሰቀች።

«ያቺ ማናት? የእኛ ዘመድ አይደለችም» አለች የሟቹ እህት፣ ሹክሹክታዋ ሳሎኑን አዳርሶ።

ሰፊዋ አየቻትና ቋጠሮው የማን እንደሆነ መጣላት። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ለበዓል ሥራ ቀጥራት ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ደንበኛ ፊት፣ «ቋጠሮ ከእኔ ቤት አይወጣም!» ብላ ያባረረቻት ናት። ሰፊዋ ተነሳች፣ ክንዷን ይዛ ወደ መስፊያው ክፍል አስገባቻት፣ በሩን ገርበብ አደረገች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዚያው ዓመት ጀምሮ፣ እትዬ። ዘንድሮ አስራ ሁለተኛው ገና ነው።»

ለመካድ እንኳ አልሞከረችም። «ካፖርቱንም አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አለች ሰፊዋ።

«ኪሱ ተቀዶ ነበር። ‹ካየችብኝ አለቀልኝ› እያሉ ነው በግድ የሰፋሁላቸው።»

«ልጅ አላችሁ?»

«ኧረ ምን ነካዎት እትዬ! ጋሼን ነው እንዲህ የሚሉት?»

ሴትየዋ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ቀይ የልጅ ቀሚስ ነው፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው። ሰፊዋ የራሷን ቅድ አወቀችው። የአንዲት አስተማሪ ደንበኛዋ ልጅ ቀሚስ ነው፤ ባለፈው ሰኞ ባሏ «ትተውታል» ያላት።

«ልጅቷ ነገ ትለብሰዋለች» አለች ሴትየዋ። «እስከ ዛሬ እኔ እሰፋለሁ፣ ጋሼ ተኩሰው ያደርሳሉ። አሁን እሳቸው ከሌሉ፣ በእርስዎ ስም የሚወጣን ልብስ ሳላስፈቅድ መጨረስ ከበደኝ።»

ሰፊዋ ገበሩን ገለበጠች። ቋጠሮ ነው፣ በየጫፉ ቋጠሮ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከተማው የእሷ ነው ብሎ ያደነቀው ልብስ ግማሹ የዚህች ሴት እጅ ነው። ደሟ ፈላ።

«ውሽማው ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር!» አለች። ከልቧ ነው ያለችው።

«ያስቀይማቸዋል ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ‹እርዳታ ብላት አትቀበለኝም፤ ሥራውን ብሰርቃት ግን ታርፋለች› አሉኝ።» ሴትየዋ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ከበዓሉ በኋላ ሲመጡ ስለ ስፌት አንስተው አያውቁም። ‹ካርታ ስታሸንፈኝ እንዴት እንደሳቀች ብታዪያት› ነው ወሬያቸው ሁሉ። እስኪሰለቸኝ ድረስ ነው የሚያወሩልኝ።»

«ውሸታም» አለች ሰፊዋ። «ቀጣፊ! እንዲህ አድርገህ ትሸውደኝ?» ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሦስት ቀን ሙሉ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። ሳሎን ሆና የሰማችው የሟቹ እህት «ተመስገን፣ ወጣላት» አለች። ልጇ በሩ ላይ መጥታ ቆመች፣ እሷም ታለቅሳለች።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሰፊዋ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ መኪናዋ ወንበር አመለከተች። «ተቀመጪ። ያቺ ልጅ ነገ ምን ልትለብስ ነው? ጨርሺው።»

መኪናው መንኳኳት ጀመረ። «በለቅሶ ቤት ስፌት?» የሚል ማጉረምረም ከሳሎን መጣ። የሰፊዋ ልጅ «ተዉአቸው» አለችና በሩን ዘጋች።

ሰፊዋ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የጨርቅ ክምሩ ላይ ጋደም አለች። ዓይኗን እንደጨፈነች መኪናው ጸጥ አለ። ምን እያበላሸች ይሆን ብላ በጥርጣሬ አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

ሴትየዋ እግሯን ከፔዳሉ አንስታለች። ድምፅ እንዳይቀሰቅሳት፣ የመኪናውን መዘውር በእጇ ቀስ ብላ እያዞረች አንድ በአንድ እየሰፋች ነበር።

ሰፊዋ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።