ትኩሳቴን የደበቅሁበት ሐሙስ

«ካመማችሁ ከቤት አትውጡ» እያልኩ ሰው ስመክር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ለጥፌዋለሁ፤ በየፋብሪካው ደጃፍ በድምፅ ማጉያ ጮኬበታለሁ። ስለዚህ ባለፈው ወር፣ ሐሙስ ጧት፣ ብብቴ ሥር የያዝኩት ሙቀት መለኪያ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት ሲል፣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። መለኪያውን አራግፌ እንደገና ለካሁ። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አምስት አለ። ተበላሽቷል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

«የአየር ለውጥ ነው» አልኩ ለራሴ። በሽተኞች ይህንን ሲሉኝ ሁልጊዜ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

ቤት ውስጥ የሚከለክለኝ ሰው የለም። ሚስቴ ልጃችንን ለመርዳት እዚያው እሷ ዘንድ ከሰነበተች ወር ሊሞላት ነው። ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ሰባት ሳምንት ቀድማ ወልዳ፣ ሕፃኑ ሃያ ሦስት ቀን በሆስፒታሉ ማሞቂያ ክፍል ቆይቶ ረቡዕ ዕለት ቤቱ ገባ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ከትንሽ ነገር ነው። እስካሁን ያየሁት በመስታወት ብቻ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልታቀፈው ቀጠሮ ይዤ ነበር። ነርሶቹ ሲያስወጡት አንድ ነገር አጥብቀው ተናግረዋል፤ የሚያስለው፣ ንፍጥ ያለበት፣ ትኩሳት ያለው ሰው ማንም ይሁን ማን እንዳይጠጋው።

ከዚያ በፊት ደግሞ የጧት ሥራ አለ። አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጉንፋን ገብቶ በአንድ ሳምንት ሃያ ሁለት ሰፊዎች ከሥራ ስለቀሩ፣ እንዳይዛመት ትምህርት ስጥልን ብለውኛል። አብራኝ የምትሠራው ነርስ እኔን ተክታ መሄድ ትችል ነበር። ግን እጅ መታጠብን እንደ እኔ አድርጎ የሚያሳይ የለም የሚል እምነት ነበረኝ። የአውራ ጣቴን ዙሪያ ስፈትግ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን የሚውጥ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሁለት የትኩሳት ማስታገሻ ኪኒን ዋጥኩና ወጣሁ።

ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደቀነ። አለካኩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት! ይግቡ ጌታዬ» አለ በኩራት። ኪኒኑ ሥራውን ሠርቷል። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ከማሽኖቻቸው ተነሥተው በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ቆመው ጠበቁኝ። ቅጽል ስሜን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው፤ እጅ የሚታጠበው ሃያ ሰከንድ ነው ብዬ ስላደረቅኋቸው «ሃያ ሰከንድ» ይሉኛል። ገና «ሳል ሲመጣ» ብዬ አፌን ስከፍት ሳሉ እውነትም መጣ። የቀኝ ክርኔን እጥፋት አፌ ላይ ገጥሜ እንባዬ እስኪመጣ አሳልኩ። ቀና ስል ጭብጨባው ቀለጠ።

«ትወና ይሉሃል ይሄ ነው!» አለች አንዷ ከኋላ።

ምን ልበል? ዓይኔን በጨው ታጥቤ እጅ ነሣሁ። ከዚያ ወዲያ ባሳልኩ ቁጥር «ሌላ ማሳያ» እላለሁ፣ እነሱም ይስቃሉ። ካመማችሁ ቤት ቅሩ ወደሚለው ክፍል ስደርስ አራት ጊዜ አሳየሁ።

የመስመሩ ተቆጣጣሪ ብቻ አልሳቀችም። እሷን ደግሞ «እትዬ መቀስ» ይሏታል፣ ስለ ምላሷ።

«ወንድሜ» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ትናንት ከዚህ የምትሻል ሳል የያዛትን ልጅ ወደ ቤቷ ሰድጃለሁ። አንተን የት ልስደድህ?»

«እትዬ፣ ማሳያ ነው እኮ።»

«ማሳያ ያልበዋል እንዴ? አንገትህን እየው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። መጨረሻ ላይ፣ መጨባበጥ ቀርቶ በክርን ሰላም እንባባል በሚለው በራሴ ምክር መሠረት፣ ሴቶቹ ተራ በተራ መጥተው ክርናቸውን ከክርኔ ጋር አጋጩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስልበት ከቆየሁት ክርን ጋር ማለቴ ነው። ሁለቱንም ምክሮች ለየብቻ ሺህ ጊዜ አስተምሬያለሁ። ሁለቱም አንድ ክርን ላይ መውደቃቸውን ያየችው እትዬ መቀስ ናት።

«ያሳልክበትን ነው የምትሰጠኝ? ግራህን አምጣ።»

ግራዬም ቦዝኖ አልዋለም ነበር። በእሱ አስነጥሼበታለሁ። እሱን ግን አልነገርኳትም።

ወደ ልጄ ቤት ስሄድ፣ ትኩሳቱ እንዳያሳጣኝ ብዬ፣ ታክሲ ውስጥ ሁለተኛውን ዙር ኪኒን ዋጥኩ። እንደደረስኩ ሸሚዜን ቀየርኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ጭምብል አደረግሁ። ደንቡን በሙሉ ፈጸምኩ፣ ከመጀመሪያው በቀር።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ለካችኝ። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት» አለች።

«እኔማ በስልክ ድምፁን ስሰማ የታመመ መስሎኝ ነበር» አለች ሚስቴ፣ ፎጣ እያጠፈች።

«አሞሃል እንዴ አባዬ?»

«ስጮህ ውዬ ነው። ትምህርት ነበረብኝ።»

«እንደሱ ነው። አንተ ካልተጠነቀቅክማ ማን ሊጠነቀቅ ነው» አለችና ዞረች። «የሱ እናት ትናንት ስንት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታ ከበር መልሻታለሁ። ንፍጥ ነበረባት። እያለቀሰች ነው የሄደችው። ከረርኩባት መሰለኝ።»

የሕፃኑን አባት እናት ማለቷ ነው። መልሺያት ያልኳት እኔ ነኝ። በስልክ፣ አፌን ሞልቼ፣ «በሽታ ዘመድ አይመርጥም» ብዬ።

«ተቀመጥ» አለችኝ፤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሕፃኑን ከአልጋው አንሥታ ቀረበች። ፊቱ የእኔን ቡጢ አያክልም። የሆስፒታሉ መታወቂያ አምባር ቀጭን እጁ ላይ ላልቶ ይንቀዋለላል። ደረቱ በነጠላው ሥር ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴ ቆም ይላል፣ እናቱም አብራ ትቆማለች፣ ከዚያ እሱ ሲቀጥል እሷም ትቀጥላለች። ይህን ሳይ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ዋጥኩት። እንደገና ከረከረኝ።

ክንዶቼ ተዘርግተዋል። ልጄ ጎንበስ ብላለች።

«ኪኒን ውጫለሁ» አልኩ።

«የምን ኪኒን?»

«የትኩሳት።»

«መቼ?»

«ጧት ሁለት። አሁን ታክሲ ውስጥ ሁለት።»

ልጄ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ እስከ ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ሄደች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«ጧት ስንት ነበር?»

«ሠላሳ ስምንት ነጥብ አምስት።»

«ውጣ አባዬ።»

ወጣሁ። ሚስቴ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ስትከፍት ድምፁን ከግቢው ሰማሁ። የተቀመጥኩበትን ወንበር ራሷ ይዛው ወጣችና ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

ቤቴ ስገባ ኪኒኑ ለቀቀኝና ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ገባ። ተኝቼ ፋብሪካው ደወልኩ፤ የእውነት ታምሜ እንደነበር ለእትዬ መቀስ ነገርኳት።

«እናውቃለን» አለች። «እንደወጣህ መስኮቱን ከፍተን፣ ክርናችን ሳይቀር በሳሙና ታጠብን።»

«ሃያ ሰከንድ?»

«አርባ። ላንተ ሲባል።»

በኋላ ከሰፊዎቹ ሦስቱን አሳላቸው። ከእኔ ይሁን ቀድመው ከታመሙት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሦስቱም ግን ቤታቸው ቀሩ፤ ትምህርቱ የገባቸው ሰዎች ነበሩ።

ልጄ ስልኬን አላነሣችም። ሚስቴ ብቻ ጧትና ማታ የሕፃኑን ሙቀት ትልክልኛለች፣ ቁጥሩን ብቻ፣ ሰላምታ የለው ምን የለው። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ። ሠላሳ ሰባት ያለች ዕለት እስከ ቀጣዩ መልእክት ድረስ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።

በስድስተኛው ቀን ልጄ ራሷ ደወለች።

«ትኩሳትህ መቼ ለቀቀህ?»

«ከትናንት በስቲያ። ያለ ኪኒን» አልኩ። ሳትጠይቀኝ።

«ሳሉስ?»

«አለ። ትንሽ።»

ተናድዳ የምትዘጋብኝ መሰለኝ።

«ሳሉ ከለቀቀህ በኋላ ሦስት ቀን ቆጥረህ ትመጣለህ። እኔ ነኝ የምቆጥረው፣ አንተ አይደለህም።»

«እሺ።»

«አሁን ዝም በል፤ እየጠባ ነው» አለችና ስልኩን ወደ እሱ አስጠጋችው።

ጡት ሲስብ፣ ሲውጥ፣ ሲያርፍ ተሰማኝ። ሳሌ መጣ። ስልኩን ክንዴ እስከቻለው ከአፌ አራቅኩትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በክርኔ ውስጥ አሳልኩ።