ለሠላሳ የነቃ፣ ለአንድ የተኛ

…ኬብሉም አይደለም፣ ኬብሉን ቀይሮታል፣ ታዲያ ምንድነው፣ ለሠላሳ ተማሪ እንደ ውሃ የፈሰሰ የድምፅ መጽሐፍ ለአንዲት ልጅ እንዴት ይንተባተባል፣ ይላል የህያ በሆዱ፣ አጎቱ ጋሽ አብዶም ያሉት ይህንኑ ነው፣ ሰርግ ያበላ ድስት አንድ እንግዳ ያቅተዋል እንዴ፣ ብለው ፈረዱ፣ ልጅቷ ዛሬ ምዕራፏን ሳይቆራረጥባት ካልጨረሰች ሦስቱም ኮምፒውተሮች ይወጣሉ፣ ጓዳው ለሳሙና ካርቶን ይፈለጋል። ሱቁ የሳቸው፣ ጓዳውም የሳቸው። ምን ይባላል።

ዛሬ ደግሞ ሰው የለም፣ የማስተር ፕላኑ ጣጣ ሰበታ ደርሶ የጅማ መንገድ ተዘግቷል፣ በተፍኪ በኩል የጎማ ጭስ ይታያል፣ ዳታ ከጠፋ ሰነበተ፣ ግማሹ በወረደው መዝጊያ ስር ጎንበስ ብላ የገባችው ቢታንያ ብቻ ናት፣ ዓይነ ስውር ናት፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ በድምፅ የተቀዱት የፈተና መጻሕፍቷ ያሉት እዚህ ጓዳ ነው፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም፣ ይሄን ማን ሠራው፣ የህያ፣ ማን አስተማረው፣ ማንም።

ሌተንሲ ማለት ምን መሰለህ፣ እያለ ለሌለ ተማሪ ያስረዳል፣ ጠይቀህ መልሱ እስኪደርስህ ያለችው ጊዜ ናት፣ ስንት ሰው ያስተናግዳል ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሦስት አስተናጋጅ ብትቀጥር ያንተ የአንዱ ሻይ ቶሎ አይፈላም፣ ገባህ? መጽሐፉ ገጽ በገጽ ለሦስቱ ኮምፒውተሮች ተከፋፍሏል፣ ቢታንያ አንዱን ገጽ ትሰማለች፣ ታስባለች፣ ለራሷ ትደግመዋለች፣ ከዚያ ቀጣዩን ትጠይቃለች፣ ተረኛው ኮምፒውተር ዝም። ዝም። ከዚያ ግርርር።

የህያ፣ ትለዋለች ማዳመጫዋን አውልቃ፣ ይሄ አንባቢ ገጽ በገለጠ ቁጥር ምሳ ይበላል እንዴ?

አይቼዋለሁ፣ አንዴ ታገሺኝ፣ ይላል፣ ምንም አላየም።

እሷም ራበኝ ብላ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ሱቁ ትወጣለች፣ ብስኩት ስጡኝ ጋሼ፣ መልስ የለም፣ ባንኮኒውን ኳ ኳ ታደርጋለች፣ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያንቀላፉት ጋሽ አብዶ ይባንናሉ፣ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ፣ ግንባራቸው ላይ ነው፣ ምን ነበር ያልሽው፣ ብስኩት፣ የቱን ብስኩት፣ እያሉ ወደ ሻማው መደርደሪያ ይሄዳሉ።

የህያ በሩ ላይ ደርቆ ይቀራል። ገበያ በደራ ቀን ጋሽ አብዶ መቼ አንቀላፍተው ያውቃሉ? መቼም። መጽሐፉን የያዙት ሃርድ ዲስኮች! ሥራ ሲፈቱ መሽከርከር አቁመው ይተኙ ተብለው ታዘዋል እኮ፣ ማን አዘዘ፣ ራሳቸው ጋሽ አብዶ፣ ሰው በሌለበት መብራት አይበላም ብለው፣ ሠላሳ ሰው ሲጠይቅ ለመተኛት ፋታ የለም፣ አንድ ሰው ሲጠይቅ ግን አንዱ ሲነቃ ሁለቱ ያሸልባሉ፣ ምስኪን ልጅ፣ ከነጋ ጀምሮ ትምህርት መች ተማረች፣ ተራ በተራ ስትቀሰቅስ ነው የዋለች። ታዲያ ለአጎት ጥፋቱ የእርስዎ ነው ይባላል? አይባልም። ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ትእዛዙን ይሰርዛል። ከእንግዲህ እንቅልፍ የለም፣ ሰው መጣም ቀረም።

ቢታንያ ብስኩቷን ይዛ ትመለሳለች። ገጽ። ገጽ። ገጽ። ሰውዬው ጠገበ መሰለኝ፣ ትላለች።

እሰይ ሳይል ጋሽ አብዶ ጓዳው በር ላይ ቆመዋል፣ ጆሯቸውን ቀስረው፣ ልጅቷ እያሰበች ነው፣ ምንም አልጠየቀችም፣ ሦስቱም ግን ዙዙዙ ይላሉ፣ በቃ፣ ተያዘ፣ ደህና ሁን ጓዳ፣ ደህና ሁኑ ኮምፒውተሮች።

"ሥራ ሳይኖራቸው ለምን ነቁ?"

ስለ ዲስክ ሊያስረዳ አፉን ይከፍታል፣ ያ ሁሉ ማብራሪያ የት እንደገባ እንጃ፣ የሚወጣው ሌላ ነው።

"ሰው ይመጣል ብለው ነው፣ ጋሼ።"

ጋሽ አብዶ ዞር ብለው ግማሹን የወረደ መዝጊያቸውን ያያሉ፣ ከስሩ ባዶውን አስፋልት፣ ማዶ አንድ ሳይቀር የተዘጋውን ሱቅ ሁሉ። ሄደው የሳሙና ካርቶን ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሦስቱንም ከወለሉ አንሳቸው፣ ይላሉ፣ የህያ ያነሳል፣ አንድ በአንድ፣ ገመዳቸውን ሳይነቅል፣ አጎቱ ጎንበስ ብለው ካርቶኑን ከስራቸው ይገፉታል።

መልሳቸው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ይላሉ፣ ከባንኮኒያቸው ኋላ ሄደው ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አውርደው።