የሐምዱ ቀበቶ

ሐምዱ በሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ የመጨረሻዋን ሽቦ በይዶ እፍ አለባት። ከተጣለ የደወል ሰዓት ያወጣት ስስ የናስ ክብ የበገናው አውታሮች በሚያርፉበት እንጨት ሥር፣ ንዝረታቸውን እንድትቀበል፣ ተለጥፋለች። ሽቦዋ በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ወደ ሠራው የድምፅ ማጉያ፣ ከዚያም ወደ ጆሮ ማዳመጫው ትሄዳለች።

የበገናው ባለቤት ጋሽ ባዘዘው ጆሯቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። "የማልሰማውን በገና ምን ልሁን ብዬ አቅፈዋለሁ?" ብለው ሉማሜ ከተማ ለሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ለአበባው ሊሰጡት ቆርጠው ነበር። "ሦስት ቀን ይስጡኝ" ብሎ የለመናቸው ሐምዱ ነው። ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው፤ አበባውም መንገድ ላይ ነው።

"ይሞክሩት፣ ጋሼ!" ብሎ ጮኸላቸው።

ማዳመጫውን አጥልቀው አውታሩን ነካ አደረጉ። ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

"ሰማሁ። ግን ይኼ በገና አይደለም፣ ክራር ነው! እዝዝ የሚለው የታል?" ጎንበስ ብለው የአውታሮቹን ሥር ዳሰሱ። "ከየአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ ነበር እኮ!"

ሐምዱ ክው አለ። ትናንት ክቧን ሲለጥፍ ያገኛቸውን ያረጁ የቆዳ ቁርጥራጮች ቆሻሻ መስለውት፣ ሙያ በልብ ነው ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ፣ አንድ በአንድ በወረንጦ ለቅሞ ጥሏቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግን ትልቁ ጠላቱ ዝዝታ ነው። ለዝዝታ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ይኖራል ብሎ በምን ይጠርጥር?

"ጠይባ! የትናንቱ ጥራጊ የት ነው?" አላት ሚስቱን።

"ጠዋት አቃጠልኩት። ምን ጣልክ ደግሞ?"

"የሰው ድምፅ!"

ጋሽ ባዘዘው ባይሰሙም ከፊቱ ላይ አነበቡት። "ተወው ልጄ። ለፍተሃል፣ ፈጣሪ ይስጥህ" ብለው ማዳመጫውን ሊያወልቁ ሲሉ ሐምዱ እጃቸውን ያዘ። ቀበቶውን ፈትቶ አሳያቸው።

"ይኼስ አይሆንም?"

ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው አሹት። "ጫፉ ሳስቷል። ጫፉ ይሆናል።"

ጫፉ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ነው። ሐምዱ አላመነታም፤ ቆርጦ አሥር ቁራጭ አወጣላቸው። ጋሽ ባዘዘው እያንዳንዷን ከአውታሯ ሥር ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሉ አስተካከሉ። ሐምዱ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው ማጉያውን ከፍ አደረገ። ጠይባ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ አፈነች።

በገናው እዝዝ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያም ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው መናኸሪያ ድረስ በሚሰማ ድምፅ መዘመር ጀመሩ። ሐምዱ በዕድሜው ዝዝታ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

መዝሙሩ ሳያልቅ አበባው ብርድ ልብስና ገመድ ይዞ ደረሰ። እስኪጨርሱ ጠብቆ በምልክት ጭምር ጠየቃቸው።

"አጎቴ፣ መኪናው ሊሞላ ነው። በገናውን ልጠቅልለው?"

"ብርድ ልብሱን አንጥፍና ተቀመጥ" አሉት ጋሽ ባዘዘው። "ዛሬ ይዘህ የምትሄደው አንድ ዜማ ብቻ ነው።"

አበባው መናኸሪያውን አየ፤ አጎቱን አየ። ብርድ ልብሱን አነጠፈ።

"ገመዱንስ ምን ላድርገው?"

"ለእኔ ስጠኝ" አለ ሐምዱ። ተቀብሎም ወገቡ ላይ አሰረው።