የአበልጅ ምስክርነት

«የቀበሌው ጸሐፊ ተሳስቶ ነው በይ፤ ሌላ አትጨምሪ» አለ አምሳሉ፣ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የያለምወርቅን ክንድ ይዞ። እሷም ክንዷን አስለቅቃ ገባች። ከመንደራቸው ጀምሮ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ ሲደጋግምባት ነው የመጣው።

አምሳሉ በጥር ልጁን እየሩስን ለአንድ ባለጸጋ ቤት ሊድር ቃል ገባ። ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል የሚል ምስክር ለቀበሌ አስፈለገው። ለዚህ ደግሞ ከክርስትና እናቷ የሚሻል ከየት ይመጣል? ያለምወርቅ አበልጇን ማስቀየም ከበዳትና አሻራዋን አሳረፈች። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው እየሩስ የሙሽራውን ቤት የጤፍ ክምር በክብሪት ለኮሰችው። ፖሊስም ያንኑ ወረቀት አምኖ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር አሰራት። ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኗ ነው።

ዳኛዋ የእየሩስን ዕድሜ በምን እንደምታውቅ ያለምወርቅን ጠየቀቻት።

«በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው።»

«ይህ ወረቀትስ?»

አምሳሉ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ያለምወርቅ እንዳዘዛት ብትል በሰላም ቤቷ ትገባለች። ጸሐፊው ግን ምን በደለ?

«ጸሐፊው የነገርሁትን ነው የጻፈ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ በሐሰት መመስከር ወንጀል መሆኑን፣ እሱም ለብቻው እንደሚታይ ነገረቻት። ልጅቱ ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለሚታመን ሰው በአደራ ትሰጥ ብሎ ማዘዝ እንደሚችል አስረዳች። ይህን ሲሰማ አምሳሉ ልጁን ሊረከብ ብድግ አለ። እየሩስ አባቷ ሲነሳ አይታ ይዛት ወደመጣችው ፖሊስ ተጠጋች።

«እኔ ልውሰዳት» አለች ያለምወርቅ።

«አሁን ዋሽቻለሁ አሉኝ። እንዴት ልመንዎት?»

«አይመኑኝ። በየሰኞው ይዣት ልምጣ፤ በዓይንዎ ይዩን።»

ዳኛዋ እየሩስ እስከ ቀጠሮዋ ያለምወርቅ ዘንድ እንድትቆይ፣ በየሰኞው ጠዋት እንድትቀርብ አዘዘች።

ውጭ ሲወጡ አምሳሉ ድምፁን አለስልሶ ቀረበ።

«አበልጄ፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀት በስምሽ ይሁን፤ ልጅቱ ከእኔ ጋር ትግባ። ቃል ሰጥቻለሁ። ያሉት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?»

ያለምወርቅ ፈራች። ቤቷ ከአምሳሉ ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ እየሩስን እዚያ ብታስገባት አንድ ሌሊት አታድርላትም። ደግሞ የራሷ ክስ አለ፤ ያልታለበች ላምም አለቻት። ለላሟ ጎረቤት አይጠፋም አለች በልቧ።

ባጃጅ አስቁማ እየሩስን አስቀድማ አስገባችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«መናኸሪያ ነው?» አለ ባለባጃጁ።

«አይደለም» አለች ያለምወርቅ። «ርካሽ የኪራይ ቤት ካለበት ሰፈር ውሰደን።»