የጓሮው ካብ

የአንኮበር ክረምት ለጭቃ አጥር አይራራም። የእናናየሁን የጓሮ አጥር በየዓመቱ ይልሰዋል፤ እሷም በየመስከረሙ ጭቃ አቡክታ፣ ጭድ ለውሳ፣ በመዳፏ ትመርገዋለች። ከአጥሩ ውስጥ አሥራ ስምንት የጌሾ ዛፍ አለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጉርሷም ልብሷም ያ ጌሾ ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ወጥቶ ከተማው ጭር ቢልም ጠላ የሚጠምቅ አልጠፋምና ገበያ አላጣችም። ጓሮውን አባቷ ሲሞት ለሷ ተናዞላታል። ኑዛዜውን የሰሙት ሁለት ሰዎች ግን አሁን ሁለቱም አፈር ለብሰዋል።

ብርሃነ መስቀል ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው እሱን ወልዳ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እናናየሁ ናት። ደብረ ብርሃን ከአንድ ሹም ቤት ሲያገለግል ቆይቶ በጥር መጣና አጥሩን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«እታለም፣ እስከ መቼ ጭቃ ስታቦኪ ትኖሪያለሽ? በድንጋይ እናልብሰው» አላት።

«ማን ተሸክሞ?»

«ደቦ እጠራለሁ። በኔ ስም ይሁን። የመጣው ሁሉ ነገ ብድሩን ይፈልጋል፤ አንቺ የሰው ድንጋይ ልትሸከሚ ነው? እኔ ሠርቼ እመልሳለሁ።»

እናናየሁ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በዚያ አገር ደቦ የጠራ ሰው ሥራውም፣ ሥራው ያጠረውም ቦታ የሱ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ይህን እሷም አሳምራ ታውቃለች። ግን በገዛ ጀርባው ያዘለውን ልጅ ማን ይጠረጥራል? እኔም ብሆን አልጠረጥርም ነበር።

በደቦው ቀን ሠላሳ ወንድ መጣ። ከገደሉ አፋፍ ጥቁር ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ትልቁን ከታች፣ ጠፍጣፋውን ከላይ እያደረጉ፣ በጭቃው አጥር ላይ በውጭ በኩል ደረቅ ካብ አለበሱት። ስንጥቁን በጠጠር ጎሰጎሱት። እናናየሁ የጠመቀችውን ሦስት ጋን ጠላ ራሷ እየዞረች ቀዳች። ሥራው ሲያልቅ ሽማግሌው ወልደጻድቅ ዋንጫውን ይዞ ተነሣ።

«ብርሃነ መስቀል፣ ካብህ ይጽና! ከውስጡ ያለውን ብላበት!»

ከሁሉ ቀድማ አሜን ያለችው እናናየሁ ናት።

ከፋሲካ በኋላ ወንድሟ ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሚስት ላገባ ነው። ጓሮዬን ልረከብ መጣሁ» አላት። የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያን ጊዜ ከደፉ ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ ለዳኛ ደረሰ። ዳኛውም መጥቶ ከካቡ ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ፤ አገሩም ተሰበሰበ። ወልደጻድቅ ተጠርቶ ማለና መሰከረ።

«ደቦውን የጠራው ብርሃነ መስቀል ነው። የመረቅነውም እሱን ነው» አለ፣ ዓይኑን ከእናናየሁ እያሸሸ።

ቀሪዎቹም ይህንኑ ተናገሩ። አንዳቸውም አልዋሹም፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ጠላዋን ጠጥተው እውነት እየተናገሩ ጓሮዋን አሳልፈው ሰጡባት።

እናናየሁ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ድንጋዩ የሱ ነው፤ አልካድኩም። ከሥሩ ያለው ጭቃ ግን የኔ ነው። አባቴ አጥሩን ሲያቆም የመረግሁት እኔ ነኝ። ከበሩ አጠገብ፣ የበሩ ክዳን ዝናቡን ከልክሎ ዳግመኛ ባልተመረገበት፣ የእጄ አሻራ አለ። ካቡ ይነሣና ይታይልኝ።»

ዳኛው አዘዘ። ሦስት ድንጋይ ሲነሣ መዳፏ ከነአምስት ጣቶቿ ቁልጭ ብሎ ታየ። እጇን አምጥታ ብትገጥመው ልክክ አለ። ሰዉ «እሰይ!» አለ። ዳኛው ግን ጎንበስ ብሎ፣ «ይቺ ትንሿስ የማን ናት?» ሲል ጠየቃት።

ከመዳፏ ጎን የሕፃን እጅ ነበረች። እናናየሁ ፈጽማ ረስታት ኖሯል። ያን ቀን ብርሃነ መስቀል በጀርባዋ ሆኖ አላሠራ ሲላት፣ ዝም እንዲል ብላ አወረደችውና አንጓውን ይዛ እጁን ከጭቃው ላይ ተጫነችው። ቅዝቃዜው አስቆት ሲንከተከት ዋለ። «የሞተ የጎረቤት ልጅ ናት» ብትል ማን ያውቅባት ነበር! ግን እውነት ልትናገር ምላለች። ደግሞም ወንድሟ ያቺን እጅ ሲያይ ልቡ ይራራል ብላ ተስፋ አደረገች።

«የሱ ናት» አለች ወደሱ እያየች። «አንጓውን ይዤ ያተምኳት እኔ ነኝ።»

ብርሃነ መስቀል ብድግ አለ። «ሰምተዋል ጌታዬ! ድንጋዩ የኔ ነው፤ ጭቃውም ላይ እጄ አለበት።»

ዳኛው ጥቂት አሰበና ጓሮው ለሁለት እንዲከፈል፣ የበሩ ወገን ካቡን ላስካበው እንዲሆን ፈረደ። አሥራ ስምንቱም ጌሾ ያለው በበሩ ወገን ነው። ለእናናየሁ የጎመኑ መደብ ደረሳት።

ሰዉ እየተንሾካሾከ ተበተነ። ወንድሟም ጌሾውን አንድ ሁለት እያለ ሊቆጥር ገባ። እናናየሁ ብቻዋን ከካቡ ሥር ቀረች። የተነሡትን ሦስት ድንጋዮች አንድ በአንድ አንሥታ ከነበሩበት መለሰቻቸው። ያቺን ትንሽ እጅ ዳግመኛ ማየት አልፈለገችም።