አሥራ አንደኛው ዘፈን

1.

ካሴት አንድ፣ 1969 ዓ.ም.። ምትኩ ልሳነወርቅ ገና ጉሮሮው አልጠናም፤ ጊታሩም ክራር መሆን ያምረዋል። ወንድሜ ይመር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግራ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ቀኙ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው።

2. ማብራሪያ ለአንባቢ

ሐኪሙ ግራውም እስከ መስከረም አይቆይም ብሏል። ስለዚህ ደሴ፣ በይመር ሳሎን ውስጥ፣ በቀን አንድ ካሴት እንሰማለን። የምትኩ ሥራ በሙሉ፦ ስምንት ካሴት፣ ሃያ አምስት ዓመት። እኔ ታናሽ እህቱ ትሁን የዘፈኖቹን ስም እመዘግባለሁ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ሳልመዘግብ አላርፍም።

3. ካሴት ሁለት

«ይቺ ስትወጣ ማን ነበር የወደደሽ?»

«ማንም።»

«ውሸታም! የፖስታ ቤቱ ልጅ በሱቄ ደጃፍ ሲመላለስ ጫማውን ጨረሰ እኮ!»

ይመር ያኔ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ሳቅን። እነዚያ ቀኖች እንዴት እንደናፈቁኝ!

4. ካሴት ሦስት፣ ካሴት አራት

ኤሌክትሪክ ጊታር ገባ። ይመር «ጨምሪው» አለኝ።

ጨመርኩ።

«ጨምሪው።»

ከዚያ በላይ አይሄድም ነበር።

5. ካሴት አምስት

ይህ የራሴ ነው። በ1981 ለሰርጌ ይመር ሱቁ ውስጥ ቀድቶ የሰጠኝ። መጨረሻው ላይ የደሴን ተራራ የሚያነሳው «ጦሳ ላይ ጉም» አለ፤ ልጆቼን ያስተኛሁበት፣ ባሌን የቀበርኩ ሰሞን ብቻዬን የሰማሁት ዘፈን።

ሽፋኑ ላይ አሥር ዘፈን ተጽፏል። እኔ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። «ጦሳ ላይ ጉም»ን ፍለጋ የሌሎቹንም ሽፋን አገላበጥኩ።

የለም።

6. እንደተባባልነው

ትሁን፦ ጋሼ፣ «ጦሳ ላይ ጉም» የማን ነው?

ይመር፦ ማሟያ ነው።

(ሲቀዱ ካሴቱ ላይ ቦታ ከተረፈ፣ ባዶ መስጠት ለሙዚቃ ቤት ነውር ነበር። በሌላ ዘፈን ይሞሉታል። ማሟያ የሚሉት ይህንን ነው።)

ትሁን፦ ድምፁስ የማን ነው?

ይመር፦ አቦ ተይኝ! አምስት ደቂቃ ተረፈ፤ ጊታሬ አጠገቤ ነበር።

ትሁን፦ ምትኩ መስሎኝ ነበር እኮ።

ይመር፦ እንዲመስልሽ ነዋ የዘፈንኩት።

7. ካሴት ስድስት፣ ካሴት ሰባት፣ ካሴት ስምንት

ሦስት ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። አንድም ዘፈን አልሰማሁም።

ይህን ቁጥር ልዘለው ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ ይመር ቤታችን እንግዶች ፊት ሲዘፍን፣ «አንተ ጊታሩን ብቻ ምታ፤ ድምፁን ለምትኩ ተወው» አልኩት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሲዘፍን አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ የእሱን ድምፅ እየወደድኩ ምትኩን ሳመሰግን ኖርኩ። አፈርኩ።

8. መመሪያ ለራሴ

ቴፑን አጥፊ። በግራው በኩል ተቀመጪ። አፍሽን ጆሮው ላይ አድርጊ። አትቅለስለሺ፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።

«ጋሼ! ከሁሉም የምወደው ያንተን ነው! ያኔ ያልኩህን ይቅር በለኝ!»

ጉልበቱን አሻሸ።

«አልሰማሁም» አለ።

ዓይኖቹ ግን እንባ ሞልተው ነበር፤ ከንፈሩም ሳቁን መያዝ አቅቶታል። ደገምኩለት።

«አልሰማሁም አልኩሽ እኮ፤ እስቲ ድገሚው።»

9. ለሦስተኛ ጊዜ፣ ለእሱ ጆሮ ብቻ

«                                        »